ለልጄ መምህርት ብስኩት ልጋግር? አንድ ጥያቄና 34 መልሶች

ልጄ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ጨረሰች። መስከረም ላይ ፊደል ተደበላልቆባት ነበር። ነን ከኘ፣ ደን ከጀ፣ ተን ከቸ መለየት ያቅታትና ደብተሯን ዘግታ ታለቅሳለች። የክፍሏ ኃላፊ መምህርት ግን አልተወቻትም። ለሦስት ወር ያህል ከትምህርት በኋላ ሃያ ሃያ ደቂቃ እየቆየች አስነበበቻት። ለዚህ ማንም ተጨማሪ አልከፈላትም። በየሳምንቱ ዓርብ ኮሙኒኬሽን ቡኩ ላይ አንድ መስመር ትጽፍልኝ ነበር። መጀመሪያ ሦስት ቃል ማንበቧን፣ ቆይቶ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ማንበቧን። አሁን ልጄ ታክሲ ውስጥ የተለጠፈውን ሁሉ ጮክ ብላ ታነባለች።

ሰኔ ሲገባ ማመስገኛ ፈለግሁ። ሽቶ መግዛት ደስ አላለኝም። ኬክ ቤት ሄዶ ማዘዝ ቀላል ነው፤ ግን ልጄ የለችበትም። የፈለግሁት እሷ በእጇ የሠራችውን ነገር ነው። ስለዚህ በምሳተፍበት የወላጆች መድረክ ላይ ጥያቄ ከፈትኩ። ጋግሬ እንደማላውቅ፣ ቤታችን ትንሽ ኦቨን እንዳለ፣ የሰባት ዓመት ልጅ ልታግዝበት የምትችልና ብዙ ዕቃ የማይጠይቅ የብስኩት አሠራር እንደምፈልግ ጻፍኩ። መጨረሻ ላይ አንድ ሐሳብ ጨመርኩ። በልጅ እጅ የተጋገረ ብስኩት ከተገዛ ስጦታ ሁሉ ይበልጣል አልኩ። ክርክሩን ያመጣችው ይህቺ መስመር ናት።

ክሩ፣ ማለትም ጥያቄውና ከሥሩ የተደረደሩት መልሶች፣ ሁለት ሳምንት ቆየ። ብዙ ስለተማርኩበት፣ ማን ምን እንዳለ በተራ ላውጋችሁ።

1ኛው መልስ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ መጣ። የጻፈችው የሦስት ልጆች እናት ናት። ስለ ልጄ ንባብ ደስታዋን ከገለጸችልኝ በኋላ ቀጥታ ወደ ልኩ ገባች። አንድ እጅ ስኳር፣ ሁለት እጅ ቅቤ፣ ሦስት እጅ ዱቄት፣ ሁሉም በክብደት። 100 ግራም ስኳር፣ 200 ግራም ቅቤ፣ 300 ግራም ፉርኖ ዱቄት ማለት ነው። ቁንጥር ጨው ይጨመርበታል። እንቁላል የለውም፣ ቤኪንግ ፓውደር የለውም፣ ወተት የለውም። ቅቤና ስኳሩ አብረው ይመታሉ፣ ዱቄቱ ይገባል፣ ሊጡ ፍሪጅ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያርፋል፣ ከዚያ ተዳምጦ ይቆረጣል። በ170 ዲግሪ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃዋል። ጠርዙ ቀላ ማለት ሲጀምር ይወጣል። ትሪው ላይ እያለ ያልበሰለ ቢመስልም ሲቀዘቅዝ እንደሚጠነክር አስጠነቀቀችኝ። ይህን ባትነግረኝ ኖሮ ሁሉንም አሳርረው ነበር።

2ኛዋ መላሽ በልኩ ተስማምታ አንድ ማስጠንቀቂያ ጨመረች። ቅቤ ሲባል የገበታ ቅቤ ነው፤ ለወጥ የሚነጠረው አይሆንም። የአክስቷ ልጅ አንድ ጊዜ በተነጠረ ቅቤ ጋግራ፣ ብስኩቱ ኮረሪማና ኮሰረት እየሸተተ ልጆቹ እንጀራ የታለ ብለው እንደጠየቁ አጫወተችን።

3ኛው መልስ ረዥም ነበር። ጸሐፊው አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍታን ማለፏን፣ ውሃ እዚህ ገና በ92 ዲግሪ ገደማ እንደሚፈላ፣ የውጭ አገር አሠራሮች ግን የተጻፉት ለቆላና ለባሕር ዳርቻ ከተሞች መሆኑን አስረዳ። በከፍታ ላይ ቤኪንግ ፓውደር ከሚገባው በላይ ያነሳና መልሶ ይጥላል። ስለዚህ ልኩን መቀነስ፣ ትንሽ ፈሳሽ መጨመር፣ ስኳሩንም ማሳነስ እንደሚያስፈልግ መከረኝ። ትሕትና የተሞላ መልስ ነበር። ሰውየው ጊዜውን ሰጥቶ እንደጻፈው ያስታውቃል።

4ኛው ሁለት መስመር ብቻ ናት። ግን ሁሉን ነገር የለወጠችው እሷ ናት። ካርድ የሚሰጠው ሰኔ መጨረሻ ነው። የሐዋርያት ጾም ደግሞ እስከ ሐምሌ 5 አይፈታም። መምህርቷ ብትጾም ቅቤ ያለበት ብስኩት ምን ያደርግላታል የሚል ጥያቄ ነበር። እኔ ይህን ጨርሶ አላሰብኩትም። መምህርቷ ረቡዕና ዓርብ የጾም ምሳ ይዛ እንደምትመጣ ልጄ ነግራኛለች። ለምትጾም ሰው የቅቤ ብስኩት መስጠት ማለት ፈገግ ብላ ተቀብላ ለጎረቤት ልጆች እንድታድለው ማድረግ ነው።

5ኛው የሰኔ ጾም የቄሶች ነው፣ ምእመኑ ብዙም አይጾመውም፣ አትጨነቅ አለኝ። 6ኛው በዚህ ተቆጣ። የሐዋርያት ጾም ከሰባቱ አጽዋማት አንዱ መሆኑን፣ እንደ ሁዳዴና እንደ ፍልሰታ ሁሉ ለሁሉም የታዘዘ መሆኑን፣ የቄስ ጾም የሚባለው አነጋገር ከየት እንደመጣ እንኳ ሳያጣሩ መድገም ነውር መሆኑን ጻፈ። 5ኛውን በስም ጠርቶ ነው የተናገረው። ቃሉ ጠንከር ያለ ነበር፤ ያለው ነገር ግን ልክ ነው።

7ኛዋ ሁለቱን አበረደቻቸው። ሙስሊም እናት ናት። ልጇን የሚያስተምሩት አንዲት ሙስሊምና አንድ ኦርቶዶክስ መምህራን ስለሆኑ፣ ሁልጊዜ የምትጋግረው በዘይት ነው። እንቁላልም ቅቤም የሌለው ብስኩት ማንንም አያስቸግርም። አንድ ነገር ብቻ አስታወሰችን። ፈሳሽ ቫኒላ ብዙ ጊዜ በአልኮል የተዘጋጀ ስለሆነ እሷ የምትጠቀመው የዱቄቱን ነው። ማርጋሪን እገዛለሁ የሚል ካለም ማሸጊያውን ያንብብ አለች፤ ወተት የገባበት አለና። ይህን መልስ ሳነብ ውሳኔዬ ግማሽ መንገድ ሄደ።

8ኛው መላሽ ኬክ ቤት ውስጥ ለዓመታት የሠራ ሰው ነው። ከዚህ በኋላ የክሩ ዋና አስተማሪ የሆነው እሱ ነው። መጀመሪያ 3ኛውን በጨዋ ቃል አረመው። ስለ ከፍታው የተባለው ለኬክና ለሚነሳ ነገር ሁሉ እውነት ነው፤ 1ኛዋ የሰጠችው ብስኩት ግን ምንም የሚያነሳው ነገር ስለሌለው ከፍታ ብዙም አይነካውም። ቀጥሎ የጾሙን ልክ ሰጠኝ። 300 ግራም ፉርኖ ዱቄት፣ 100 ግራም የተፈጨ ስኳር፣ 150 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ ቁንጥር ጨው። ዘይቱ በአንድ ጊዜ አይገለበጥም። ሊጡ በእጅ ሲጨበጥ የሚይዝ፣ ሲለቁት የማይፈርስ እስኪሆን ድረስ በትንሽ በትንሹ ይገባል። ከፈረሰ አንድ የሾርባ ማንኪያ የብርቱካን ጭማቂ ያስተካክለዋል። የኑግ ዘይት ጣዕሙ ስለሚያይል የሱፍ ይሻላል። የብርቱካን ልጣጭ ተፈግፍጎ ቢገባበት፣ ከተወቀጠ ኮረሪማ ደግሞ የሻይ ማንኪያ ሩብ ቢጨመር፣ ቅቤ አለመኖሩን ማንም አያውቅም አለ። ሞክሬዋለሁ፤ እውነቱን ነው።

እስከዚህ ድረስ ሰላም ነበር።

9ኛው መልስ ስለ ብስኩት አልነበረም። ለመምህር ስጦታ መስጠት ጉቦ ነው ባይ ነው። ውጤት ሊወጣ ሲል ኮሮጆ ይዞ የሚመጣ ወላጅ ምን እንደሚፈልግ ሁሉም ያውቃል ሲል ጻፈ። 10ኛዋ እሱን ደገፈች፤ የእሷ ምክንያት ግን ሌላ ነበር። እናቷ በልብስ አጠባ ያሳደገቻት ልጅ ነበረች። የትምህርት ማብቂያ ቀን ሌሎች ልጆች የተጠቀለለ ነገር ይዘው ሲመጡ እሷ ባዶ እጇን ቆማ ታይ ነበር። መምህሩ ምንም አላሏትም። እሷ ግን ያን ቀን ዛሬም አልረሳችውም። ይህን መልስ ደጋግሜ አነበብኩት። በልጅ እጅ የተሠራ ነገር ከሁሉ ይበልጣል ስል፣ ዱቄትና ስኳርም ለአንዳንድ ቤት ወጪ መሆኑን ዘንግቼ ነበር። ዘይት ስንት እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን።

11ኛው ግን በቁጣ መጣ። ሁሉን ነገር ጉቦ ማለት ባህላችንን ማራከስ ነው፣ ሰው ቤት እንኳ ባዶ እጅ አይኬድም ሲል 9ኛውን ወረደበት። 9ኛውም ዝም አላለም። ሦስት መልስ ያህል እንዲህ ተመላለሱ። አልዘረዝረውም፤ አዲስ ነገር የለበትም።

12ኛዋ መላሽ በሥራ ላይ ያለች መምህርት ናት። ሁለቱንም ወገን አዳምጣ የጻፈችው ከሁሉም የጠቀመኝ ምክር ነው። ስጦታ ከካርድ በፊት ከመጣ እሷ ራሷ እንደምትጨነቅ፣ ካርድ ተሰጥቶ ካለቀ በኋላ ከመጣ ግን በደስታ እንደምትቀበል ነገረችን። ክፍል ውስጥ፣ በልጆች ፊት ባይሰጥ ትመርጣለች። ከሁሉ በላይ ትንሽ ይሁን አለች። አንድ ሰው በአንድ ቀን የሚጨርሰው ያህል። አንድ ወላጅ የዓለም የመምህራን ቀን፣ መስከረም 25፣ አይሻልም ወይ ብሎ ጠየቃት። ቀኑ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ እንደሚከበር የጠቀሰው እሱ ነው። እሷ ግን መስከረም ላይ የልጆቹን ስም ገና እያጠናች መሆኗን፣ ምስጋናው ለምን እንደሆነ የሚታወቀው ሰኔ ላይ መሆኑን መለሰችለት። እኔም በዚህ ተስማማሁ።

13ኛው የቴሌግራም ግሩፕ ታሪክ አመጣ። በልጁ ክፍል ወላጆች ገንዘብ አዋጥተው ነበር። የከፈለ ሰው ስም በየቀኑ እየተለጠፈ፣ ያልከፈለው ሰው አብሮ ይታያል። አንድ አባት በዚህ ተሳቆ ከግሩፑ ወጣ። የተሰበሰበው ገንዘብ ለመምህሩ ሲሰጥም የብዙዎቹ ልጆች እጅ አልነበረበትም። ወላጆች ናቸው የሰጡት።

14ኛው በጣም ስለታም ነበር። ብስኩት የቤት ኪራይ አይከፍልም ሲል ጀመረ። መምህራን ወር ለመድረስ ሲቸገሩ እያየን በኮረሪማና በብርቱካን ልጣጭ መወያየታችን እንዳሳፈረው ጻፈ። ማመስገን የሚፈልግ ወላጅ ስለ ደመወዛቸው ይናገር አለ። ብዙ ሰው ተቆጣበት። እኔ አልተቆጣሁም። የተናገረው እውነት ነው። ግን አንዱ ሌላውን አያስቀረውም። ስለ ደመወዝ መናገር የአዋቂ ሥራ ነው፤ ልጄ ደግሞ ለመምህርቷ ማለት የምትፈልገው የራሷ ነገር አላት። ይህንኑ ጻፍኩለት። አልመለሰልኝም።

15ኛው መልስ የጡረተኛ መምህር ነው። ከ30 ዓመት በላይ አስተምረዋል። ሁላችንም ከዚያ ወዲያ ጋሼ እያልን ነው የጠራናቸው። ባለፉት ዓመታት የተቀበሉትን ስጦታ ዘረዘሩ። ብዕር፣ ክራቫት፣ ሸሚዝ፣ አንድ ጊዜ ሕይወት ያለው ዶሮ። ዶሮዋን ያመጣችው ልጅ እያለቀሰች ነበር፤ የራሷ ዶሮ ስለነበረች። ከተማሪዋ ጋር ወደ ቤቷ መልሰው ላኳት። ጣፋጭ ነገር ሲመጣላቸው ግን ለሌላ ይሰጡ ነበር፤ ስኳር በሽታ ስላለባቸው። ወላጆቹ አያውቁም፣ እሳቸውም አይናገሩም። እስካሁን ያስቀመጡት ወረቀቶቹን ነው። ልጆች በእርሳስ የጻፉላቸው፣ ፊደሉ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ። ያስቀመጡበት ዕቃ ያ ሰማያዊ ክብ የብስኩት ቆርቆሮ ነው አሉ። ሌላ ቤት ውስጥ መርፌና ክር ነው የሚገኝበት።

ከዚህ በኋላ ሰው ሁሉ ስለ ልጅነቱ ማውራት ጀመረ። 16ኛው ፊደል የቆጠረው ከየኔታ ዘንድ ነው። እናቱ በበዓል ማግስት ዳቦ ጠቅልላ ትልክ እንደነበር፣ ዳቦውን ተሸክሞ ሲሄድ ጥጉን እንደሚቆርስ፣ የኔታም እያዩ እንዳላዩ እንደሚያልፉት አስታወሰ። 17ኛዋ በበኩሏ ወንድሟ ቁርኣን ያኸተመ ቀን ቤታቸው ድግስ እንደነበርና ሼኩ የክብር እንግዳ እንደነበሩ ጻፈች። አንድም ሰው አልተከራከረም። ክሩ ውስጥ ከሁሉም የወደድኩት ሰዓት ይሄ ነው።

ከ18 እስከ 20 ያሉት ስለ ዳቦ ቆሎ ናቸው። አንዷ ብስኩት የፈረንጅ ነው፣ ዳቦ ቆሎ ይሻላል፣ ጾምም ነው፣ ወር ይቆያል አለች። ሌላው ችኮን አነሳ፤ ችኮ ቅቤ አለው ተብሎ ተመለሰ። ሦስተኛው ዳቦ ቆሎ በርበሬ ይገባበታል ወይስ አይገባበትም የሚል ሌላ ጦርነት ሊከፍት ሲል ሰው ዝም አለው። ዳቦ ቆሎ ግን ጥሩ ሐሳብ ነው። ሊጡን አድቦልቡሎ መቁረጥ ልጆች የሚወዱት ሥራ ነው። ኦቨን የሌለው ቤት ይሞክረው።

21ኛዋ የጻፈችው ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። አሜሪካ ውስጥ መምህራን የሚመሰገኑበት ሳምንት ሚያዝያ መጨረሻ ገደማ፣ በፈረንጆቹ ሜይ የመጀመሪያ ሙሉ ሳምንት፣ መሆኑን ነገረችን። የልጇ ትምህርት ቤት ግን ቤት የተሠራ ምግብ አይቀበልም። ምክንያቱ አለርጂ ነው። የታሸገና የገባበት ነገር የተጻፈበት ብቻ ነው የሚገባው። እሷም አንድ ዓመት አንድ ሌሊት ሙሉ የጋገረችውን ይዛ ሄዳ ከበር ተመልሳለች። መኪናዋ ውስጥ ቁጭ ብላ እንዳለቀሰች አልደበቀችንም። አሁን የምትሰጠው የልጇን ደብዳቤና የስጦታ ካርድ ነው።

22ኛው ሰሊጥ ላዩ ላይ ቢነሰነስ ደስ እንደሚል ጻፈ። 21ኛዋ ተመልሳ መጣች። ሰሊጥ እ.ኤ.አ. ከ2023 መጀመሪያ አንሥቶ አሜሪካ ውስጥ ማሸጊያ ላይ የግድ ከሚጻፉት የአለርጂ ምግቦች ዘጠነኛው መሆኑን ነገረችው። እዚህ አገር ብዙ ሰው ስለ ሰሊጥም ስለ ለውዝም አይጠይቅም። መጠየቅ ግን ምንም አያስከፍልም። እኔ በማግስቱ ለመምህርቷ ኮሙኒኬሽን ቡኩ ላይ ጻፍኩላት። የማይስማማት ምግብ እንዳለና ስኳር እንደምትበላ ጠየቅኋት። ጥያቄው ስጦታውን አስቀድሞ ያስታውቃል ብዬ ፈርቼ ነበር። አላስከፋትም። የሚከለክላት ነገር እንደሌለ፣ አሁን ግን ጾም ላይ መሆኗን መለሰችልኝ።

23ኛው መልስ የራሴ ነው። ውሳኔዬን አሳወቅሁ። የዘይቱን እንጋግራለን። ትንሽ ይሆናል። ከካርድ በኋላ ይሰጣል። ልጄም አንድ ሐሳብ አምጥታ ነበር። ፊደል ያስተማረቻት መምህርት ስለሆነች ብስኩቱ ላይ ፊደል መጻፍ ፈለገች። አመሰግናለሁ ሰባት ፊደል ነው። ሰባት ብስኩት ማለት ነው። ሊጡ ሲጋገር ፊደሉ ይጠፋ ይሆን ብዬ ጠየቅሁ።

24ኛው የኬክ ቤቱ ባለሙያ ነው። በሐሳቡ በጣም ተደሰተ። ቤኪንግ ፓውደር ስለሌለው ፊደሉ እንደማይጠፋ አረጋገጠልኝ። በስቴኪኒ እስከ ውፍረቱ ግማሽ ድረስ ጠልቆ መጻፍ አለበት፤ ላይ ላዩን ከሆነ ይደፈናል። የዘይት ሊጥ ሲዳመጥ ስለሚሰነጠቅ፣ እየተድቦለቦለ በመዳፍ ቢጫን ይሻላል። ውፍረቱ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ይሁን። ትሪው ኦቨን ከመግባቱ በፊት ሩብ ሰዓት ፍሪጅ ቢቆይ ፊደሉ ይጸናል። የሚወጣው ሊጥ ከ540 ግራም ትንሽ ዝቅ ይላል፣ በ15 ግራም ሲከፋፈል 35 ገደማ ይሆናል አለ። 35 አምስት ጊዜ ሰባት ነው። አምስት አመሰግናለሁ ይወጣዋል።

25ኛዋ ኦቨን የሌለው ምን ያድርግ አለች። ሁለት ሰዎች መለሱላት። አንዱ ወፍራም ብረት ድስት ታች ጨው አንጥፎ፣ ማስቀመጫ አድርጎ፣ ትሪውን እላዩ ላይ አስቀምጦ፣ ከድኖ በቀስታ እሳት መጋገርን አሳየ። ሌላዋ በኤሌክትሪክ ምጣድ እንደምትጋግር ጻፈች። ምጣዱን አስቀድማ ታሞቀዋለች፣ ታጠፋዋለች፣ የመጋገሪያ ወረቀት አንጥፋ ብስኩቱን ትደረድራለች፣ አክንባሎውን ትከድናለች። ታቹ ሲጠብስ ትገለብጠዋለች። በመብራት አጥፊው ሰፈሯ ይህ ዘዴ ብዙ ጊዜ እንዳዳናት ተናግራለች።

26ኛው አጭር ምክር ነው፤ ግን አትለፉት። ልጆች ጥሬ ሊጥ እንዳይልሱ። እንቁላል ባይኖረውም ጥሬ ዱቄት ራሱ ሆድ የሚያሳምም ተሕዋስ ሊይዝ ይችላል።

27ኛው የመጣው በቀይ ብዕር ነው። እዚህ ክር ውስጥ አራት ሰው አመሰግናለሁ የሚለውን በው ጨርሶ መጻፉን ቆጥሯል። መጨረሻዋ ሁ መሆን አለባት፤ እኔ የሚለውን የምታመለክተው ሁ ናት፤ ው ግን ሌላ ሰውን ነው። መምህር ፊት የሚቀርብ ብስኩት ላይ በው ቢጻፍ ስድብ ነው ብሎ ደመደመ። 28ኛው ሁሉም ሰው ስለሚገባው ምን ችግር አለው ሲል ተነጫነጨ። 29ኛው ደግሞ ሰ በንጉሡ ነው ወይስ በእሳቱ ብሎ ጨመረበት። ነገሩ ሊሰፋ ሲል ጋሼ በ30ኛው ገቡ። በእሳቱ ሰ፣ በሁ ይጨረስ አሉ። አበቃ። ማንም አልጨመረም።

31ኛውም የእኔ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ጋገርን። ልጄ ስኳሩን መዘነች፣ ሊጡን አድቦለቦለች፣ ፊደሎቹን ጻፈች። የመጀመሪያው ትሪ ኦቨን ውስጥ እያለ መብራት ጠፋ። በሩን ሳልከፍት ተውኩት። በቀረው ሙቀት ግማሹ በሰለ፤ መብራት ሲመጣ ጨረስነው፤ ትንሽ ደረቀ። ሁለተኛው ትሪ አማረ። ከዚያኛው መርጠን ሰባቱን በንጹሕ ወረቀት ጠቀለልን። ልጄ በእርሳስ ሁለት መስመር ጽፋ ጨመረችበት። ምን እንደጻፈች አላየሁም፤ አታሳይም አለችኝ።

ካርዱን ከወሰድን በኋላ፣ ክፍሉ ባዶ ሲሆን ሰጠቻት። መምህርቷ ጥቅሉን ፈታ ብስኩቶቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው። አነበበቻቸው። ከዚያ ያላሰብኩትን አደረገች። ሰባቱንም ደበላለቀቻቸውና ልጄን መልሳ እንድትደረድራቸው ጠየቀቻት። ልጄ ግንና ናን አንድ ጊዜ አቀያየረች። ቆም ብላ አየቻቸው። ራሷ አስተካከለቻቸው። መምህርቷ መልሳ ጠቀለለቻቸው፤ ገና ዘጠኝ ሰዓት አልሆነም ነበር።

32ኛዋ ክረምት ስለሆነ ብስኩቱ ቢለሰልስ ምን ላድርግ አለች። ባለሙያው መለሰላት። በእርጥብ አየር ይለሰልሳል፤ አምስት ደቂቃ ኦቨን ቢመለስ ይጠነክራል፤ ሲቀዘቅዝ አየር የማያስገባ ዕቃ ውስጥ ይግባ። በሙቀቱ ከታሸገ በራሱ እንፋሎት ይርሳል።

33ኛው የቀሩት አራቱ ጥቅሎች የት እንደደረሱ ጠየቀኝ። ነገርኩት። አንዱ ለረዳት መምህርቷ ሄደ። አንዱ ጠዋት ጠዋት ልጄን መንገድ ለሚያሻግሯት ለበሩ ጥበቃ። አንዱ ክፍሏን ለሚያጸዱት እናት። የደረቀውን እኛ በሻይ በላነው።

34ኛዋ እናት ሚዛን የላትም። በስኒ እንድነግራት ጠየቀች። ቤት ያለውን ስኒ ለክቼ፣ ደግሜ ጋግሬ ነው የመለስኩላት። 120 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ስኒ 5 ስኒ ዱቄት፣ 1 ስኒ ስኳር፣ 1 ስኒ ከሩብ ዘይት። ስኳሩ የሚለካው ከመፈጨቱ በፊት ነው።